ሁለት ነጥብ

ማዘጋጃው ጓሮ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮታችን ሰፊ ነው፣ የፈረሰው ሲታይ፤
ዶሮ ማነቂያ ነበር ትናንት እዚያ ማዶ፣
ዛሬ የቆርቆሮ አጥር፣ ከኋላው ሜዳ ባዶ።
ሰፈሩ ተነሥቶ፣ ወረቀቱ ቀርቶ፣
በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ተጎትቶ፣
መጣ ወደ እኛ ክፍል፣ አቧራው እንዳለ፤
"አንድም ሰው እንዳይጠፋ፣ በሲ ጻፊው" ተባለ።

ቀላል መስሎኝ ነበር።
ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ማህደር መክፈት፣
ኤምኬዲርን ጠርቶ መንገድ ማመልከት፣
ፈቃዱን በቁጥር፤ ዜሮ፣ ሰባት፣ አምስት፣ አምስት፤
ለባለቤቱ ሁሉ፣ ለሌላው ማየትና መግባት።
መንገዱ የሰው ስም ነው፤
እኛ ከልጅ ጀምረን ወደ ላይ ስንጠራ፣
ማሽኑ ከአያት ነው የሚወርድ በተራ።

ፕሮግራሜን አስነሣሁ።
ነጌቲቭ አንድ።
ደገምኩት። ነጌቲቭ አንድ።
ኤርኖን ብጠይቀው ቁጥር ሁለት አለኝ፤
"እንዲህ ያለ መንገድ የለም" ብሎ ካደኝ።
ኮዴን መስመር በመስመር፣ እንደ ምስር ለቅሜ፣
ሁለት ጊዜ ሰርዤ፣ ሁለት ጊዜ ደግሜ፣
ምሳ ሰዓት አለፈ።

ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
አቧራ የተነፈሱ ከዚሁ መዝገብ ቤት፣
መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው ካንገት፣
በትከሻዬ በኩል አዩና ጥቂት፣
"ምን ሆነሻል?"
"ማህደር አልከፍት አለኝ።"
"ለማን?"
"ለብዙነህ፤ የመንገሻ ልጅ፣ የወዳጆ።"
"ወዳጆ ተከፍቷል? መንገሻስ አለ?"
"የሉም።"
ሳቁ።
"እኔ በመደርደሪያ፣ ይህን ዘመን ሙሉ፣
አያት ሳይቀመጥ፣ አባት ሳይኖር በክፍሉ፣
ልጅ አስገብቼ አላውቅም። ወለል ላይ ነው የሚወድቀው።"
ሲ አያውቁም። የሚያውቁት እንጨት ነው።

ከላይ ጀመርኩ።
ስላሽ ባየሁ ቁጥር፣ እዚያው እየቆረጥኩ፣
ወዳጆን ፈጠርኩኝ፣ መንገሻን አስከተልኩ፣
ብዙነህ ገባ።
"አለ" ብሎ ቢመልስ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣
አልፌው ሄድኩኝ እንጂ አልቆጠርኩት ጥፋት፤
ታናሽየው ሲመጣ ቢገኝ ያባቱ ቤት
ቀድሞ መሠራቱ ምኑ ነው ስህተት?

መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ መጣ።
ሺህ ሁለት መቶ ስም አለፈ።
ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዱ ገጽ ቆመ፦
የቤት ቁጥር፣ አራት መቶ አሥራ ሰባት።
ስም፣ መክብብ። ያባት ስም፣ ደጀኔ።
ያያት ስም፣ ሰረዝ።
ሰረዙ በእስክሪብቶ ሁለቴ ተሠምሮ፣
ወረቀቱን በስቷል፤
ወይ ጸሐፊው ቸኩሎ፣ ወይ ባለጉዳዩ አፍሮ።

ለሰረዝ ማህደር ልክፈት፣ ሰረዝ ሰው ሆኖ?
"ያልታወቀ" ልበል? ባንድ ጣራ ታፍኖ
ስንቱ ባዳ ለባዳ ወንድም ሊባል ሆኖ?
ተውኩት ባዶውን።
ስላሽ፣ ምንም፣ ስላሽ።
ፈራ ተባ እያልኩ ቁልፉን ተጫንኩ።

ከርነሉ አልጠየቀም።
መስኮት ላይ እንዳለ ሠራተኛ ቀና ብሎ
"ያያት?" አላለም።
ሁለቱን ስላሾች እንዳንድ ቆጠራቸው፣
መሐሉን ዘለለው፣ ምንም ሳይመስለው፤
ዜሮ ብሎ መለሰ። በሲ ዜሮ ሰላም ነው።
ደጀኔ ተተከለ፣ ሥሩ ላይ፣ ከነወዳጆ እኩል፤
ልጁ ከሱ ቀጥሎ።

መክብብን ከፍቼ ውስጡን ስዘረዝር፣
አንድም ፋይል የለም። ግን ባዶ አልነበር፤
ማህደር ሲወለድ ሁለት ስም ይዞ ነው፤
አንድ ነጥብ ራሱ፣
ሁለት ነጥብ አባቱ።

ማዶ፣ ከአጥሩ ጀርባ፣ አራት መቶ አሥራ ሰባት የለም።
ወደዚያ የሚያስገባው ቅያስም የለም።
ወረቀቱን አንሥቼ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት።
የወይዘሮ አልጋነሽ እጅ ነው፣ ገና ወጣት ሳሉ፣
ቃል ከቃል እየለዩ እንደ ጥንቱ ሲጽፉ፦
መክብብ፡ደጀኔ፡—
አራት ነጥብ የለውም።